የግብጦው ውሃና የፕሮፌሰሩ ቦቲ

ግብጦ ወንዝ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ የሚያመጣው ሽታ አለ። እርጥብ ቅጠል ይመስላል፣ ጥቂት የታጠበ ቆዳ፣ ጥቂት ደግሞ ዝናብ የመታው አፈር አለበት። የማያውቀው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያው በኩል ወደ ቤት ስመለስ አንዲት ሴት ከባጃጅ ላይ ከረጢቷን ስታወርድ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና እግሬ ቆመ። «አባባ፣ ይቅመሱልኝ እስቲ» ብላ እፍኝ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። መራራው ሙልጭ ብሎ ወጥቶለታል። ታዲያ ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው ግብጦው አይደለም፤ በኔ ደጃፍ ላይ አንድ ጠዋት ያየሁት ጥንድ ጥቁር ቦቲ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ። ስለዚያ ቦቲ ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ባጃጅ ገና ጋሪን ከመንገድ ያላባረረበት ጊዜ ነበር፤ እሱ ይበቃል። እንጅባራን እኛ የቆየነው ሰዎች ኮሶበር ነው የምንላት። ያኔ ከመናኸሪያው ማዶ፣ የስልክ እንጨቱ ጥግ፣ ጋሪዎች ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። የፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይ ክር ይንጠለጠላል፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል አለ። የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች ሲመጡ ፈረሶቹ ይደነብሩ ነበር፤ ባለጋሪዎቹ ደግሞ «ይቺ ሦስት እግር ያላት ምጣድ!» እያሉ ይሳደባሉ። ዛሬ የሚሳደበው ባለባጃጅ ነው፣ ለመሳደቢያ የሚሆን አንድ ጋሪ ፈልጎ ያጣል። አንድ ሲኒ ግብጦ አንድ ብር ነበር፣ ሻይ ሁለት ብር። የስልክ ካርድ በሳንቲም ተፍቆ ነው የሚሞላው፤ ኔትወርክ ደግሞ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ጸሎት እንደሚያደርስ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ሃሎ! ሃሎ!» ሲል ይውላል። የሚኒባስ ረዳቶች «ጥሊሊ! ዳንግላ! ዳንግላ አንድ ሰው!» ይላሉ። አንድ ሰው ብለው አምስት ነው የሚጭኑት፣ ያን ጊዜም አላመንኳቸውም። ከጥጉ ሙዚቃ ቤት አንድ የጎጃም ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀቅ ነበር፤ ዘፋኙ እስክስታውን ሲጀምር ያ ሁሉ የሣር ገሳ ለብሶ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ትከሻው ሳያውቀው ይነቃነቃል።

እኔ ሰው አልጠረጥርም። ይህን አስቀድሜ ልበላችሁ። ዝም ብዬ ነው የማየው። ትምህርት ብዙም አላገኘሁም፣ ፊደል ቆጥሬ ነው የቀረሁት፤ ስለዚህ ዓለምን የማውቀው በማየት ነው። ሚስቴ ጥሩወርቅ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ጠበቃ ሳይሆን ፖሊስ ነው» ትለኛለች።

ጥሩወርቅ የግብጦ ነጋዴ ነበረች። ነበረች ስል ዛሬም አልተወችም፣ እጇ ብቻ ደከመ። ግብጦ እንደ ባቄላ ቆልተው የሚቆረጥሙት እህል አይደለም፤ መራራ ነው፣ አናት ያዞራል። መጀመሪያ ይቆላል፣ ከዚያ በከረጢት ታስሮ የሚሮጥ ውሃ ውስጥ ይከተታል። ውሃው ቀን ከሌት እያለፈበት መራራውን ቀስ እያለ ይዞት ይሄዳል። ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ከቤታችን በታች የምትወርደው ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸው ችካል ነበራቸው፤ ከረጢታቸውን በገመድ ችካሉ ላይ አስረው ትተውት ይሄዳሉ። ጠባቂ የለም። የሰው ከረጢት የሚነካ አልነበረም፣ ልብስ የሚያጥብም ከግብጦው በታች ወርዶ ነው። ጥሩወርቅ መድረሱን የምታውቀው በምላሷ ነው። አንድ ፍሬ ትልጣለች፣ ታኝካለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ትላለች። ጥሩወርቅ «ደርሷል» ካለች ኮሶበር በሙሉ ይበላዋል።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሰው ሁለት የብረት ሳጥን አሸክሞ መጣና የምናከራያት ክፍል ባዶ መሆኗን ጠየቀ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጸጉሩ ከጎን የሸበተ፣ መነጽር ያደረገ። ሹራቡ ጥሩ ሹራብ ነው፤ ከታች ግን ያን ከዳንግላ የገዛውን የጎማ ቦቲ ተጫምቷል። ከላይ ባለሥልጣን፣ ከታች መስኖ ቆፋሪ።

«ስምዎ ማን ይባላል?» አልኩት።

«ፈንታሁን። ጋሼ፣ አንተ ይበሉኝ፤ የዚሁ የአዘና ልጅ ነኝ።»

ሰው አንተ በለኝ ሲለኝ ምን ሊወስድብኝ ነው እላለሁ። «ሥራስ?»

«አስተማሪ ነኝ። ፕሮፌሰር ይሉኛል።»

«ምን ያስተምራሉ?»

«ናኖ ሳይንስ ይባላል። እጅግ በጣም ትንንሽ ነገሮችን የሚያጠና ነው።»

«ጤፍ የሚያክል?»

«ጤፍማ ተራራ ነው፣ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፕሮፌሰር የሆነ ሰው፣ ከተማ ሙሉ ሆቴል እያለ፣ ከኔ ጭቃ ቤት ምን ይፈልጋል? ጥሩወርቅ ግን ከኋላዬ ብቅ አለችና «ግባ ልጄ፣ ዝናብ መታህ» ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀለ። በቀን። ከብረት ሳጥኑ ጥፍር የሚያካክሉ ቁርጥራጭ መስታወቶች አወጣ፣ ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። ሻይ ልሰጠው ገብቼ ነው ያየሁት፤ ሻዩን የወሰድኩትም ለማየት ነው። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። «ወርቅ ነው» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «በጣም ስስ አድርገን መስታወት ላይ የቀባነው ወርቅ። ዋጋ የለውም፣ ጋሼ፣ ተፍቆ ቢወጣ ለቀለበት ቀርቶ ለመርፌ ጫፍ አይበቃም።» ዋጋ የሌለው ወርቅ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጨዋታ ያውቃል፣ ይህን አልነፍገውም። ማታ ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ጥሩወርቅ እየጠየቀችው ሕይወቱን ሁሉ አጫወተን። እናቱ አዘና ላይ ግብጦ ሻጭ ነበረች። እሱ ከፍ ሲል ዳንግላ ቤት ተከራይቶ ተማረ፣ ሽሮ ራሱ እየሠራ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወንዙ ሁሉ በረዶ የሚሆንበት አገር። እዚያ ብዙ ዓመት የነገሮችን ላይ ላዩን ሲያጠና ኖረ።

«ላይ ላዩን?» አለች ጥሩወርቅ። «ውስጡንስ ማን ያጠናልሃል?»

«ውስጡን ሌሎች ያጠናሉ፣ እትዬ። ነገር ከነገር ጋር የሚገናኘው ግን በላዩ በኩል ነው። ዝገትም የሚጀምረው ላዩ ላይ ነው፤ ቅጠልም ጠል የሚይዘው በላዩ ነው። እኛ ወርቁ ላይ ሞለኪውል የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ነገሮች እናስቀምጣለን። ማንም ሳያሰልፋቸው እንደ ሣር ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይቆማሉ።»

«ማንም ሳያዛቸው?» አልኩ እኔ።

«ማንም።»

በኛ ሰፈር ሰው ለእድር ስብሰባ እንኳ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይመጣም።

አንድ ነገር ግን ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። በወጣትነቱ እሱና ጓደኞቹ አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን በሁለት የወርቅ ጫፎች መካከል ይዘው ኤሌክትሪክ አሳለፉባት፤ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ስትታዘዝላቸው ተቃቅፈው ዘለሉ። «ለእናቴ ደወልኩላት» አለ። «እሷም ‹እሰይ ልጄ! ታዲያ ለምን ይሆናል?› አለችኝ። ምን ልበላት? እሷ በመጨረሻ ዘመኗ ምላሷ መራራውን መለየት ትቶ ነበር፣ ዕድሜ ልኳን ስትቀምስ ደነዘዘ። ያልደረሰ ግብጦ ሸጣ ሰው ታመመባትና ከገበያ ወጣች። እሷም ብዙ አልቆየችም።» አሁን ወርቁ ላይ የሚሰለፉት እነዚያ ሞለኪውሎች የግብጦን መራራ ይዘው የሚያስቀሩ ናቸው። ውሃ ሲንጠባጠብባቸው፣ መራራው ካለ፣ በእጁ የሚይዛት ትንሽ መሣሪያ ቁጥር ታወጣለች። «ለሷ ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው፤ ዘገየሁ እንጂ» አለ። ጥሩወርቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው እናቱን ጠቅሶ ሲያስለቅስ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ያን ቦቲ አጥልቆ ወንዝ ይወርዳል። ከየከረጢቱ በታች ይቆምና በትንንሽ ብልቃጥ ውሃ ይቀዳል። የጥሩወርቅን፣ የጎረቤታችንን፣ የሁሉንም። ሴቶቹ ከላይ ቆመው ያዩታል። የእድራችን ዳኛ ካሴ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጃንጥላውን በፀሐይም በዝናብም ከእጁ የማይለይ። ከሱ ጋር አብረን ነው ያደግነው። አንድ ቀን በጃንጥላው ጫፍ በሬን አንኳኳ።

«ደምሴ፣ ቤትህ ያስገባኸው ሰው ማን ነው?»

«የአዘና ልጅ ነኝ ይላል።»

«አናገርኩት በአውኝኛ። ይችላል። ግን ቃላቱን እየፈለገ ነው የሚናገረው፤ ተምሮት የመጣ ይመስላል።»

«ሰው ብዙ ዓመት ውጭ ከኖረ ይረሳል እኮ።»

«የናቱን ቋንቋ ረስቶ የናቱን ግብጦ አስታወሰ?» አለ ካሴ። «ወርቅ ይዞ ውሃ ሊቀዳ የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ወይ ግብጦውን መርዘኛ ነው ብሎ ሊያስከለክልብን ነው፣ ወይ ውሃው ውስጥ የሚጨምረው ነገር አለ። ያለው አንተ ቤት ነው፤ እየው።»

እንዲያይ የተነገረው ሰው እኔ መሆኔ ገረመኝ፤ ሳይነግሩኝም እያየሁ ነበር። ከወንዙ ማዶ ካለው ቀርከሃ ሥር ተቀምጬ በየጠዋቱ ተከታተልኩት። ጎንበስ ይላል፣ ይቀዳል፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፣ ኪሱ ይከታል። ሲጨምር አላየሁም። ግን ጀርባውን ሲሰጠኝ እጁ አይታየኝም። ማታ ጥሩወርቅ ሳቀችብኝ። «ዓይንህ ከዚያ ሰው ቦቲ ላይ አይነሳም! እኔን እንደሱ ብታየኝ ኖሮ ጫማዬ መቀደዱን ካወቅህ ዓመት ይሆንህ ነበር።» እውነትም እግሯ ሥር ያለችው ሰማያዊ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ከጎን ተሰንጥቃ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ገዛሁላት፣ ያንኑ ሰማያዊ።

ወሬው በሰፈሩ ዞረ። ከሁሉ በፊት አንዷ ከረጢቷን ከወንዝ አውጥታ ቤቷ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፈች፤ ሌላዋ ተከተለች። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ችካል ጠፍቶበት የማያውቀው ያ ዳር ባዶ ሆነ። ጥሩወርቅ ለጥቂት ቀን እምቢ አለች። ግን ካሴ የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ቀን ቆርጦ ነበር፣ ግብጦውን ያዘዘው ከሷ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ገና ሁለት ቀን ያደረውን። መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመና «ጥሩወርቅ፣ እሱ ሰውዬ ከሚነካው ውሃ የወጣ እህል ለአባቴ ነፍስ አላበላም» አላት። ሰው ካልገዛት ምን ታደርጋለች? ከረጢቷን አስወጣችኝ። በርሜሉን ከጓሮ ተከልን፣ ውሃ እየተሸከምኩ በቀን ሁለቴ እቀይርላት ጀመር። ወገቤ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ፕሮፌሰሩ በርሜሉን ያየ ለት ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ ጥሩ፣ የቆመ ውሃ ለዚህ አይበቃም። ውሃ ቢቀይሩለትም መራራው እዚያው ነው የሚዞረው። ወደ ወንዝ ቢመልሱት?»

«ከወንዝ ያባረርከን አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችው።

እኔም በልቤ፣ አላልኩም? እጁ ወደሚደርስበት ቦታ እንድንመልስለት ይፈልጋል፣ አልኩ። ጥሩወርቅ በተዝካሩ ዋዜማ አንድ ፍሬ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከወትሮው ይልቅ ቆየች። «ደርሷል» አለች።

ተዝካሩ እኩለ ቀን ላይ ነበር፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ። ካሴ ትልቅ ድንኳን ጥሎ፣ ጠላው፣ አረቄው፣ ግብጦው በየሳሕኑ ነው። ፕሮፌሰሩም የኛ እንግዳ ነውና ተጠርቶ፣ ዳር ተቀምጧል። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። አንድ ግብጦ ልጦ አፉ ከተተ። ከዚያ መሐረብ አውጥቶ አፉን የጠረገ መስሎ ግብጦውን መሐረቡ ውስጥ ሲተፋው አየሁ። በዓይኔ! ከዚያ ተነሳና በጎን በኩል የሳሕኖቹን ግብጦ ወደ አንድ እንቅብ መሰብሰብ ጀመረ፣ ሊያነሳው። ካሴ ክንዱን ያዘው። «ምን እያደረግህ ነው?» «ጋሼ ካሴ፣ ይህ ባይበላ ይሻላል፤ ይስሙኝ።» «ባባቴ ተዝካር ላይ እህል ታነሳለህ?!» ሰውም አጉረመረመ። እሱ እንቅቡን አስቀመጠና ወጣ። ብዙ ሳይቆይ የካሴ አክስት «አፌ ደረቀ፣ ዓይኔን ጋረደኝ» አለች። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ድንኳኑ ውስጥ የሚያስመልሰው፣ ራሱን የያዘው፣ ምሰሶ የሚደገፈው በዛ። ጤና ጣቢያ በጋሪ በባጃጅ ተመላለስን። ማንም አልሞተም፣ ተመስገን፣ በማግስቱ ሁሉም በእግሩ ሄደ። ግን ሁሉም አንድ ነገር አስታወሰ። ሰውዬው አልበላም። ሊመጣ ያለውን ያውቅ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ካለው ዝግባ ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ፕሮፌሰሩ መሐል ቆመ፣ ያንኑ ቦቲ ተጫምቶ። ኪሱ ውስጥ ያቺ ትንሽ መሣሪያ እንዳለች አውቃለሁ፤ እጁ እዚያው ነው ያለው። ካሴ ጃንጥላውን መሬት ወጋ።

«ውሃው ውስጥ የጨመርከው ምንድን ነው?»

«ምንም አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ለምን አልበላህም?»

እዚህ ላይ መናገር ይችል ነበር። በርሜሉን ከክፍሉ መስኮት ያየዋል፤ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጥ ካደረገ ፊት ለፊቱ ነው። አስጠንቅቆም ነበር። ግን አንገቱን አዙሮ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት፣ ወደ ጥሩወርቅ ተመለከተና ቶሎ መለሰው። «ውሃ መቅዳቴ ካስፈራችሁ ከዛሬ ጀምሮ አልቀዳም» አለ ብቻ።

«መቅዳቱን መተው ብቻ ይበቃሃል? አገሩንም ልቀቅ!» አለ ካሴ። «ሁለተኛ በዚህ በኩል እንዳናይህ። አዘናም ቢሆን ወሬው ቀድሞህ ነው የሚደርሰው።»

ሰውዬው እናቱ የተቀበረችበት አገር ነው የሚከለከለው። እኔም ልነሳ ጉልበቴን ያዝኩ፤ ግን ብናገር የሚጠፋው የኔ እንጀራ አይደለም፣ የሷ ስም ነው። ኮሶበር ላይ «መርዛ አበላች» የተባለች የግብጦ ነጋዴ ደግሞ መደቧን ለሌላ ትሰጣለች እንጂ አትመለስም። እኔ ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ከኋላ ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች።

«ካሴ፣ ልጁን ተወው። ያ ግብጦ ወንዝ ውስጥ ያደረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። አውጪው ብለህ ያስወጣኸኝ አንተ ነህ። ከዚያ ወዲያ በኔ በርሜል፣ በኔ ጓሮ ነው የከረመው። እሱ አልደረሰበትም። ደርሷል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምላሴ ዋሸኝ።»

ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ «የኔም በበርሜል ነው» አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። በመጨረሻ የካሴ ሚስት፣ አንገቷን ደፍታ፣ «የኛም» አለች። ካሴ ወደ ሚስቱ ዞረ፣ ወደ ጃንጥላው ዞረ፣ ወደ ሰማይ ዞረ።

«ቢሆንም!» አለ። «በርሜል ውስጥ እንድንጨምር ያስፈራን ማን ነው?»

ከወንዶቹ «እውነት ነው» ያለ ሰው ነበር። ጥርጣሬ እንደዚህ ነው፣ በሩን ስትዘጋበት በመስኮት ይገባል። ቢሆንም ማንም አገር ልቀቅ ብሎ አልደገመም። አንድ በአንድ እየተነሳን ሄድን።

ከረጢቶቹ ወደ ወንዝ ተመለሱ። የጥሩወርቅ መደብ ግን ባዶ ቀረ። በገበያ ቀን፣ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ፣ በዚያች በለመደችው ጥግ እንቅቧን ሞልታ ትቀመጣለች፤ ሰው ሰላም ይላትና ያልፋል። ሰላምታው ከወትሮው ረዘመ እንጂ አልጎደለም፣ ያ ነው የባሰው። ሞልታ የወሰደችውን ሞልታ ትመለሳለች። ቤት ስትገባ እንቅቧን ታስቀምጥና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታያለች። አንድ ቀን «ምላሴ ከደነዘዘ ምን እሆናለሁ?» አለች፤ እኔን ይሁን ግድግዳውን አላወቅሁም። ፕሮፌሰሩ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። በሩ ስስ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሱም ሳጥኑን ማሰር ጀመረ። ሊሄድ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የገበያ ቀን ጠዋት፣ እኔ እንደልማዴ ተነስቼ ደጃፍ ወጣሁ። ሌሊቱን አልዘነበም ነበር፤ ግቢው ደረቅ ነው፣ አቧራው እንኳ አልራሰም። ቦቲው ግን ከበሩ አጠገብ እርጥብ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃው ያብለጨልጫል፣ ተረከዙ ላይ የወንዝ ዳር ሣር ተጣብቋል። ወንዝ ወርዶ ነበር፣ ውሃ አልቀዳም ያለው ሰው።

ዝም ብዬ አየሁ።

ያን ለት ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ፕሮፌሰሩ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቦቲውን ትቶ አጭር ጫማ አድርጓል፣ ካልሲው ሳይቀር ይታያል። ከጥሩወርቅ እንቅብ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «እትዬ፣ ስንት ቀን አደረ?» አላት፣ ገበያው እስኪሰማ። «አሥር ቀን፣ በሚሮጥ ውሃ!» አለች። «ይስፈሩልኝ» አለ። ሰፈረችለት። ልጦ በላ። ሌላ ልጦ በላ። ሰው ቆመ። ጨው ሻጮቹ ጨዋቸውን ትተው አዩት። መሐረቡን ቢያወጣ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላወጣም። ሲኒውን ጨረሰና «ድገሙኝ» አለ። ያን ጊዜ አንድ ባለጋሪ፣ ከነጅራፉ መጥቶ «ለኔም ስፈሪልኝ እቴ፣ ፕሮፌሰር ያልገደለ እኔን አይገድለኝም!» አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ከሰዓት በኋላ የካሴ ጃንጥላ ከሕዝቡ በላይ ብቅ ሲል አየሁ። አንድ ሲኒ ገዛ። ቆሞ በላ፣ ተቀምጦ አይደለም፣ ግን በላ።

ፕሮፌሰሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ተመላልሷል፤ ሰዎቹም ለመዱት፣ እሱም ከውሃው በፊት ባለችካሏን ማስፈቀድ ለመደ። አሁን አርጅቷል አሉ። እኔ ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ሰው ያን ቀን እያነሳ «ሳያጣራ በላ፣ አምኗት በላ» ሲል ዝም እላለሁ። ቦቲውን አይቻለሁና። አጣርቶ ነው የበላው። ድፍረቱ የገበያ ድፍረት ነበር። ጥሩወርቅ ደግሞ ያን ቀን እንደ ሁለተኛ ሠርጓ ነው የምታወራው፣ እንዴት ልንገራት?

ባለፈው ሰሞን ግን፣ ያን ሽታ ከመናኸሪያው ይዤው ገባሁ መሰለኝ፣ አላስችል አለኝ። እሷ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ጥሩዬ» አልኳት፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ።»

«ምን ሰበርክ?»

«ፕሮፌሰሩ ገበያ የበላልሽ ለት ጠዋት ቦቲው እርጥብ ነበር። ወንዝ ወርዶ ለክቶት ነበር። አምኖሽ አይደለም የበላው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ስል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። በሳቅና በሽንኩርት እንባዋ ወረደ።

«ቦቲውን ብቻ ነው ያየኸው?»

«ሌላ ምን ነበር?»

«ከጎኑ የነበረችውን እርጥብ ሰማያዊ ኮንጎዬንስ?»

«የቱን ኮንጎ?»

«እኔ ነኝ በሩን አንኳኩቼ ያስነሳሁት» አለች። «ሊነጋጋ ሲል። ምላሴን አላምነውማ! እንዴት ብዬ ለሰው ልሽጥ? በስልኬ መብራት አበራሁለት፣ እሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከኔ ከረጢት ሥር ቀዳ። ያቺ ዕቃው ቁጥሯን እስክታወጣ ሁለታችንም ብርዱ ውስጥ ቆመን ስንንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ‹ደርሷል፣ እትዬ› አለኝ፣ ልክ እንደኔ ዓይኑን ጨፍኖ። ‹ዛሬ ገበያ መጥቼ እበላልዎታለሁ› አለ።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ይህን ሁሉ ዓመት!»

«እንዳልነግርህ የለመነኝ እሱ ነው። ‹ለጋሼ አይንገሯቸው፣ ሲጠረጥሩ ደስ ይላቸዋል› አለኝ።»

ሽንኩርቷን አነሳች። እኔም የምፈልገው ነገር ያለ አስመስዬ ወደ ደጃፍ ወጣሁ። ጫማዋ እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ ዛሬም ሰማያዊ። ደረቅ ነበር። ግን ገልብጬ ሶሉንም አየሁት።